እዚህም እዚያም

ያቺ ቃል ከአፉ እንዴት ቀልላ እንደወጣች፣ ክንፈሚካኤል ኋላ ላይ ሲያስበው ይገርመው ነበር። የፍኖተ ሰላሙ ደብር መሪጌታ አርጅተው ካረፉ በኋላ ቦታውን የሚሻ ሁሉ እየመጣ ድምፁን ያሰማ ነበርና፣ እሱም ተራው ደርሶ ከደብሩ አለቃ ከሃይለ ሚካኤል ፊት ቆመ። አለቃ ጾመ ድጓውን ከመካከል ከፍተው አስዜሙት፤ ወደዱትም። ቀጥለው ዜማውን ከየት እንዳመጣው ጠየቁት። የዜማ አገር ከሆነው ከቤተልሔም ደብር ነው አለ። ውሸት እንኳ አልነበረም፤ ቤተልሔም አንድ ክረምት ከርሟል። ግማሹን ክረምት በንዳድ ተኝቶ ማሳለፉን ግን ማን ይጠይቀዋል?

"ከዚያ በፊትስ?" አሉት አለቃ።

"ከዚያ በፊትማ እዚህም እዚያም ነው፤ በየገጠሩ" አለ።

እዚህም እዚያም ያለው አንድ ቦታ ነው፤ አንድ ሰውም ነው። ከሽንዲ ወዲያ፣ ጣሪያዋ ሣር በሆነ ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ የኔታ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጧል። ጢም ሳያበቅል ገብቶ ጢሙን ይዞ ነው የወጣው። የሚያውቀው ዜማ ሁሉ ከሳቸው ጉሮሮ ወደ እሱ ጉሮሮ የተሻገረ ነበር። ይህን ሁሉ ነው በሁለት ቃል ጠቅልሎ የጣለው።

መምህር ፍለጋ ምን እንደሆነ ያልዞረበት ሰው አያውቀውም። ክንፈሚካኤል ልጅ ሳለ ከቤቱ ሲወጣ፣ ከሱ ቀድመው የወጡ ተማሪዎች የነገሩት ምክር አንድ ነበር። ከደብር ደብር ዙር፤ የምታውቀውን አዚምና መምህሩ የሚልህን ስማ። ካመሰገነህ ስንቅህን ቋጥር፤ እንግዳ ይመሰገናል፣ ይሸኛል፣ የሰው ተማሪ ግን አይታረምም። ያረመህ ዕለት መምህርህን አገኘህ ማለት ነው፣ አሉት። እንዳሉትም ሆነ። ዱርቤቴ ላይ ድምፁ ተደነቀ፤ ቡሬ ላይ ደግሞ ተመስግኖ፣ ተመርቆ፣ ትልቅ ዳቦ ተሰጥቶት ተሸኘ። ያን ዳቦ በመንገድ ላይ እያለቀሰ ነው የበላው።

ሽንዲ ሲደርስ ተስፋው ተሟጦ ነበር። እዚያ አንድ ቀጭን፣ ዓይናቸው የፈዘዘ ሰው ከተማሪዎቻቸው መካከል ተቀምጠው አገኘና፣ ካለፈው የተሻለ ነገር ይመጣል ብሎም ሳይሆን እንዲያው ለወጉ ያህል ጀመረላቸው። ሦስተኛው ቃል ላይ ሳይደርስ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ጠቅ አደረጉ። ርክርኩ ላይ፣ ያ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ የሚወርድበት ቦታ ላይ፣ አትቸኩል አሉት። ክንፈሚካኤል መጀመሪያ ደሙ ፈላ። ትንሽ ቆይቶ ግን የተደረገለት ነገር ገባውና ከተማሪዎቹ መጨረሻ ሄዶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ታረመ እንጂ አንድም ቀን አልተመሰገነም።

ታዲያ እኒህን ሰው ለምን ደበቃቸው? ሰበብማ መቼ ጠፍቶት! የከተማ ሰው ያን ገጠር አያውቀውም፤ አለቃም ጊዜ የላቸውም፤ ደግሞስ ሁሉንም ስም ዘርዝሮ ማን ይዘልቀዋል። እውነቱ ግን አፍሮባቸው ነው። በደብሩ ካህናት ፊት ያ የሣር ጣሪያ፣ ያ የተጣፈ ጋቢ ትዝ አለውና አፈረ። መሪጌታ ተብሎ፣ ሀብትነሽን አግብቶ፣ የጣውላ በር ያለው ቤት ውስጥ መኖር ከጀመረ በኋላም እፍረቱ አብሮት ነበር፤ አሁን ግን በየኔታ ሳይሆን በራሱ ላይ ዞሯል። ሕዝቡ ድምፁን ባደነቀለት ቁጥር ልቡ ይደሰትና ወዲያው ይሸማቀቃል። ርክርኩ ላይ የሚያርመው ስለሌለም እንደልቡ ይቸኩል ጀመር።

ዓመት እንደሞላው፣ ከኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ አለቃ አስጠሩት። ከቤታቸው ሲገባ አንድ ደረተ ሰፊ ገበሬ መደብ ላይ ተቀምጧል። አቶ ክንዱ ነው፤ የዚያች የሽንዲ ገጠር አጥቢያ ሽማግሌ። ከጎኑ የኔታ ወልደ ሥላሴ አሉ። ጋቢያቸው ያው ነው፤ ዓይናቸው ግን ጭርሱን ደክሟል። ክንፈሚካኤል ከመድረኩ አላለፈም።

ክንዱ የመጣበትን ጉዳይ እንደ አዲስ ዘረዘረ። አጥቢያው አዝመራ በገባ ቁጥር ለየኔታ እህል ያዋጣል፤ መምህሩም ተማሪውም የሚኖረው በዚያ ነው። ዘንድሮ ግን አንዳንዶች አጉረመረሙ። ከእኒህ ሰውዬ የዜማ ወንበር ማን ተምሮ ወጣ? እህላችንን የሚበላ ተማሪ ሁሉ ተበትኖ ቀረ፤ ቀለቡ ይቅርና እሳቸውም ወደ ዘመዶቻቸው ይግቡ አሉ። ክንዱ የፍኖተ ሰላሙ መሪጌታ የሳቸው የዜማ ልጅ ነው ቢላቸው ሳቁበት። ስለዚህ አለቃ አንድ ቃል ይላኩልኝ፣ ወንበሩም ይትረፍ ብሎ ነው የኔታን እምቢ እያሉት ጎትቶ ያመጣቸው።

አለቃ ወደ ክንፈሚካኤል ዞሩ። "እኔ የማውቅህ የቤተልሔም ሰው ብዬ ነው። ከዚያ በፊት እዚህም እዚያም ነበርሁ ብለኸኛል። እኒህ አባት መምህርህ ናቸው?"

አዎ ማለት ብቻ ነበር። ግን አዎ ካለ፣ ዓመት ሙሉ ለምን ደበቅህ የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ ነገሩ ከቤቱ ወጥቶ ገበያ ይደርሳል፤ መሪጌታው ቀጣፊ ነው ይባላል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበው። "እንዲያው በሳቸው በኩል..." ብሎ ጀመረና ቀሪው ጠፋው።

የኔታ ፊታቸውን ድምፁ ወደመጣበት አዞሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ እሱን የባሰ ያቃጠለውም ይኸው ነው።

"ግድ የለም፣ አለቃ" አሉ። "ተማሪ እዚህም እዚያም ያልፋል። መሪጌታም እኛ ዘንድ አልፈው ይሆናል።"

ክንዱ ከመደቡ ሊነሣ ቃጣው። "ኧረ የኔታ፣ አይዶለም! በገዛ እጃችን ያበላነውን ሰው..." ሲል የኔታ ጉልበቱን ይዘው አስቀመጡት። አለቃ ሁለቱንም አየት አየት አደረጉ፤ ያላረጋገጡትን ነገር ሊመሰክሩ አይችሉምና እንግዶቹን በአክብሮት አሰናበቱ።

ማምሻውን ሀብትነሽ ከጎረቤት የሰማችውን ይዛ ገባች። አንድ የሽንዲ መምህር ማደሪያ አጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከነዳያን ጋር ተጠልለዋል አሉ። "አንተስ ከሽንዲ አይዶል እንዴ የመጣኸው? ቤት እያለን ምን ሲሉ እዚያ ያድራሉ?" ብላ የእንግዳ አጎዛ ማውረድ ጀመረች። ክንፈሚካኤል ግን፣ እዚህ የሚያውቁት ሰው ሳይኖራቸው አይቀርም፣ ተይው አላት። አጎዛውን መልሳ ሰቀለችው፤ እሱም ያን ሌሊት ጎኑን አላሳረፈም።

ሲነጋ ዳቦ ይዞ ወደ ግቢው ሮጠ። የኔታና ክንዱ ገና ጎሕ ሲቀድ በእግራቸው የቡሬን መንገድ መያዛቸውን ነዳያኑ ነገሩት። ዳቦውን እንደያዘ አለቃ ቤት ገባና፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ስንት ዓመት እንደተቀመጠ፣ በምን አፍሮ እንደደበቀ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። የሚባረር መስሎት ነበር። አለቃ ግን ከመደቡ አስቀመጡት።

"እኔ የያዝሁህ ለጉሮሮህ ነው" አሉት። "ጉሮሮህን ማን እንዳቀናው ያን ጊዜ ብትነግረኝ፣ ትናንት ከዚች መደብ ከፍ አድርጌ ባስቀመጥኋቸው ነበር። ለእኔ ተናገርሁ ብለህ አትረፍ፤ ከዚያው ሄደህ ተናገር።"

የፈራው ነገር ይህን ያህል ቀላል መሆኑ የባሰ አሳፈረው። በአንድ የእህል መኪና ጭነት ላይ ተቀምጦ ቡሬ ደረሰ፤ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በእግሩ ወረደ። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ከአጥቢያው ሕዝብ ፊት ቆሞ የየኔታ ወልደ ሥላሴ ልጅ መሆኑን ተናገረ። ክንዱ ከኋላ ያልሰማ አለ ብሎ ደግሞ አስደገመው። አጉረምራሚዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ እህሉም እንደ ወትሮው ይዋጣ ተባለ። ወንበሩ ተረፈ። ክንዱ ግን ለሰላምታ የተዘረጋለትን እጅ እንዳላየ ሆኖ አለፈ።

የኔታ ይህ ሁሉ ሲሆን ከተማሪዎቻቸው ጋር ነበሩ። ክንፈሚካኤል ገብቶ ጉልበታቸውን ሳመ። "በድያለሁ፣ የኔታ። ይፍቱኝ" አለ።

"እግዚአብሔር ይፍታዎ፣ መሪጌታ" አሉና ከጎናቸው፣ ለእንግዳ በተነጠፈው አጎዛ ላይ አስቀመጡት። የልባቸው ነበር፤ ቂም የሚይዙ ሰው አልነበሩም። እሱ ግን አላረፈም። ከተማሪዎቹ ጋር ተራ ገብቼ ላዚም ብሎ ለመነ፤ ፈቀዱለት።

ጀመረ። ርክርኩ ላይ ሲደርስ ያ የዓመቱ ልማድ ይዞት ሄደና ቸኮለ። ራሱም ሰማው። ተማሪዎቹም ሰሙና ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ መቋሚያው አዩ። ክንፈሚካኤል አንገቱን ሰብሮ ያቺን የመሬት ድምፅ ጠበቀ። በሕይወቱ ሌላ ምንም ነገር እንዲህ ለምኖ አያውቅም።

መቋሚያው ከየኔታ ጉልበት ላይ አልተነሣም።

"ድምፅዎ ያማረ ነው" አሉ። "ከሩቅ መጥተው አስደሰቱን፤ እግዜር ይስጥልን።" ከዚያም አንዱን ተማሪ ጠርተው፣ ለእንግዳው ለመንገዳቸው ዳቦ አምጣላቸው አሉት።

ዳቦው መጣ፤ በሁለት እጁ ተቀበለ። ቀጣዩ ተማሪ ተራውን ጀመረና ገና ሦስተኛው ቃል ላይ ሳይደርስ መቋሚያው ጠቅ አለ። ክንፈሚካኤል ከአጎዛው ላይ ተነሣ፤ ዳቦውን ሳይቆርስ ይዞ ከተማሪዎቹ መጨረሻ ሄደና፣ ተራው ዞሮ እስኪደርሰው መሬት ላይ ተቀመጠ።