የቆጣሪዋ እጅ

የአቃቂ በሰቃ ወጣት፣ የእድር ስብሰባ ከሚቀመጥ መቀጮውን ቢከፍል ይመርጣል። ማን ይፈርድበታል? ሊቀመንበሩ ጋሽ ሰይፈሥላሴ፣ ሊዲያ አፏን ሳትፈታ ጀምሮ እዚያው ወንበር ላይ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ሲጨቃጨቁ ይውሉና በመጨረሻ እሳቸው ያሉት ይሆናል።

ባለፈው ክረምት ግን ዮሚፍ ሞተ። የሊዲያ ጎረቤት ነው፣ የፋብሪካ ሠራተኛ። አባቱ እድርተኛ ነበሩ፤ እሳቸው ሲያርፉ አባልነቱም አብሯቸው ተቀበረ፤ በደንቡ ያላገባ ልጅ ወላጁን አይተካም። ለቀስተኛው ዝናብ እየመታው ቆሞ ሳለ የእድሩ ድንኳን ከመጋዘን ሳይወጣ ቀረ። ጋሽ ሰይፈሥላሴ መጥተው አለቀሱ፣ ከአንጀታቸው አለቀሱ፤ ድንኳኑን ግን አልሰጡም። ደንብ ነው አሉ።

ሊዲያም አላገባችም። እናቷ የሉም፤ አባቷ አቶ ሳህሌ ደግሞ አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተዋል። እሳቸው ካረፉ በኋላ እሷም እንደ ዮሚፍ ያለ ድንኳን ስትሸኝ እየታያት እንቅልፍ አጣች።

ስለዚህ የእድሩ ምርጫ ሲደርስ የወጣቱን በር ሁሉ አንኳኳች። ወፍጮ ቤት ያላቸው ወይዘሮ አስካለች ሊወዳደሩ ነው፤ ከተመረጡ ደንቡን ሊያስቀይሩ ቃል ገብተዋል። ወላጆቻችሁን ወክላችሁ ኑና እጃችሁን አውጡ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እያለች ለመነች። ከወጣቶቹ አንዱ ሮሪሳ፣ አንበሳውማ የክርስትና አባቴ ነው ብሎ ሳቀባት። ሳቁ ውስጥ ፍርሃት ነበረ። በዚህ እድር የሚመረጠው በእጅ ነው፤ ማን ማንን እንደከዳ ሁሉም ያያል።

"እኔ ቀድሜ አወጣለሁ" አለቻቸው። "የኔን እጅ አይታችሁ አውጡ።"

ለአፍ ቀላል ነው። የእናቷን ድንኳን በዶፍ ዝናብ፣ ምሰሶውን በገዛ እጃቸው ይዘው ያስተከሉላት እኚሁ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ናቸው። እሁድ ጠዋት ደግሞ ከቤት ስትወጣ አባቷ ከአልጋቸው ሆነው፣ "እጄን ለሰይፉ አውጪልኝ" አሏት። እሺ አለች። ምን ትበል?

ስም ተጠርቶ ሲያልቅ እንደ ልማዱ የግቢው በር ተዘጋ። ግቢው በወጣት ጢም ብሏል። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ይህን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወጣቱን ማን እንደቀሰቀሰ ሲነገራቸው ሊዲያን አስነስተው መረቋት፤ ቀጥለውም ድምፅ ቆጣሪዋ እሷ ትሁን አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ቆጣሪ ድምፅ አይሰጥም። አስበውበት ይሁን ከልባቸው፣ ሊዲያ እስከ ዛሬ አታውቅም። ልታንገራግር ስትል፣ "የሳህሌ ልጅ እምቢ ትለኛለች?" አሉ ፈገግ ብለው። ይሉኝታ አንቆ ወደ ፊት ወሰዳት።

እዚያ ቆማ በራሷ አፈረች፤ እፎይ ብላ ነበርና። አባቷን አልካደች፣ ባለውለታዋን አላስቀየመች። ማን ይወቅሳታል?

ወይዘሮ አስካለችን የሚመርጥ እጁን ያውጣ ተባለ። ጥቂት ሴቶች አወጡ። ወጣቶቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ እሷን እሷን ያያሉ። ሮሪሳ በዓይኑ ለመናት። የዮሚፍ ለቅሶ፣ ያ ዝናብ ትዝ አላት። በሩ ተዘግቷል፤ መሸሻ የለም።

እጇን አወጣች።

"ቆጣሪ አይመርጥም፣ ልጄ" አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ቀስ ብለው።

"የኔን አይቁጠሩት፣ ጋሼ። ቃል ስላለብኝ ነው።"

መጀመሪያ ሮሪሳ አወጣ። ከዚያ ከኋላ፣ ከግራም ከቀኝም እጅ በእጅ ሆነ። ሊዲያ አንድ እጇን እንደሰቀለች በሌላው እየጠቆመች ቆጠረች፤ ወደ ሽማግሌው ቀና ብላ ማየት ግን አቃታት። ወይዘሮ አስካለች ተመረጡ። ጋሽ ሰይፈሥላሴ የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ በሩ ሲከፈት ከሁሉ ቀድመው ወጡ።

ቤት ስትደርስ አባቷ ነቅተው ይጠብቋታል።

"እጄን አወጣሽልኝ?"

"አወጣሁ፣ አባዬ። ግን ቆጣሪ አደረጉኝና አልተቆጠረም።"

"ግድ የለም" አሉ ደስ ብሏቸው። "ሰይፉ በአንድ እጅ አይጎድልበትም። ማታ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ራሱ ያጫውተኛል።"

ጋሽ ሰይፈሥላሴ እሁድ ማታ ቀርተው አያውቁም። ሊዲያ የአባቷን ብርድ ልብስ አስተካክላ በሩን እያየች ተቀመጠች።