ከወጌሻው ጀርባ

«ስኳር ጨምሩበት እንጂ! ሐዘንተኛ መራራ ሻይ ይጠጣ ያለው ማነው?» አለች እናትየው፣ ብርጭቆውን ለምራቷ እየመለሰች።

ልጇ ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ በኪራይ የመጡ የፕላስቲክ ወንበሮች ሞልተውታል፤ ጉልበት ከጉልበት ይጋጫል። ግድግዳው ላይ የሟቹ ፎቶ ተሰቅሏል። የክለቡን ማሊያ ለብሶ፣ ግንባሩ በፋሻ ተጠምጥሞ፣ ፋሻው ደም አዝሎ፣ እሱ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ተከላካይ ነበር። ከላይ የመጣ ኳስ ስለማያልፈው አገር ምድሩ «ግንቡ» ይለው ነበር። ፎቶውን መርጦ ያሰቀለው ክለቡ ነው፤ እናትየው ሌላ ይሻላል ብትል የሰማት የለም።

«እንዴት ያለ ጀግና ነበር!» አለ አንዱ ለቀስተኛ፣ ፎቶውን ሽቅብ እያየ።

«ጀግናስ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን የሱሪውን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ» አለች እናትየው።

ሰውየው ሻዩን ፉት አለ።

ሃምሳ እንኳን ሳይሞላው ነው የሞተው። ኳስ ካቆመ በኋላ መጀመሪያ ራስ ምታት መጣ፣ ቀጥሎ ቁጣ፣ ቀጥሎ መርሳት። ከሱቅ ሲመለስ የገዛ በሩ ይጠፋውና የጎረቤት በር ያንኳኳል። ሐኪሙ፣ «አንዱ ምት ሳይሽርለት ሌላ እየተጨመረበት አንጎሉ ተጎድቷል» አላቸው። እናትየው ሁሉንም ቻለችው። አንድ ነገር ብቻ አልገባት አለ። ሰው ሲጠይቀው ፊት አያይም፤ እጅ ነው የሚያየው። ሐኪሙ፣ «ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» ሲለው ዞሮ የእሷን ጣቶች ማየት። «ቁርስ በላህ?» ስትለው ጣቶቿን ማየት።

«ምን አፍጥጠህ ታየዋለህ? ቀለበቴን ልትሸጥብኝ ነው?» ትለውና እጇን ሻርፗ ውስጥ ትከተዋለች።

ያኔ ይጨንቀዋል። «እማ፣ ውጤቱ ስንት ነው?» ይላል፣ እንደ ሕፃን።

«እኛ እየመራን ነው።»

ይሄን ሲሰማ ትከሻው ይረግብና ይተኛል።

ከሰዓት በኋላ አምበሉ መጣ። አሁን የክለቡ አሰልጣኝ ሆኗል፤ ግን ከግንቡ ጋር ጎን ለጎን ሲጫወት የወጣለት ስም እስካሁን አልለቀቀውም። ወንበር ስቦ ከእናትየው አጠገብ ተቀመጠ። በወዲያኛው ጎኗ ከሟቹ በብዙ ዓመት የሚያንሰው ታናሽየው ልጇ አለ። እሱም እዚያው ክለብ፣ በወንድሙ ቦታ ነው የሚሰለፈው። ወንድሙ ሊሞት ሰሞን ከአንድ አጥቂ ጋር ራስ ለራስ ተላትሞ ወድቆ ነበር። ተነሥቶ ጨዋታውን ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ ብርሃን ይረብሸዋል፤ ለቅሶውንም ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የተቀመጠው።

«እማማ፣ እሁድ የምንጫወተው ለእሱ መታሰቢያ ነው» አለ አምበሉ። «ታናሽየው የወንድሙን ማሊያ ለብሶ ይገባል። ሕዝቡ ያለቅሳል።»

«ሕዝቡ ማልቀስ ካማረው ቤቴ ክፍት ነው፣ መጥቶ ያልቅስ። ልጄን ራሱን እያመመው ነው።»

«ደህና ነኝ፣ እማ» አለ ታናሽየው። «ያን ቀንም የቡድኑ ወጌሻ ጠይቆኝ አልፌያለሁ።»

«ምን ብሎ ጠየቀህ?»

አምበሉ ሳቁ መጣ። ሐዘን ቤት መሆኑን አስታውሶ አፉን በእጁ ሸፈነ። «የወጌሻውን ነገር አልነገሩሽም? ተጫዋች ጭንቅላቱን ተመትቶ ሲወድቅ ወጌሻው ሮጦ ይገባና ‹ውጤቱ ስንት ነው?› ብሎ ይጠይቃል። ያላወቀ ይወጣል። ግንቡ ታዲያ መች ወጥቶ ያውቃል! እኔ ከወጌሻው ጀርባ እቆምና በጣቴ አሳየዋለሁ፤ በቀኜ የእኛን፣ በግራዬ የእነሱን። አንድ ቀን የት ከተማ እንዳለን እንኳን ጠፍቶት ጣቴን አየና ‹ሁለት ለአንድ!› አለ። ወጌሻው ትከሻውን መታ መታ አድርጎለት ወጣ። ጨዋታው አልቆ አውቶቡስ ውስጥ ስንገባ፣ ‹ለመሆኑ አሸነፍን?› አይለኝም መሰለሽ!»

ለቀስተኛው ሳቀ። ምራቷ እንኳን እንባዋን እየጠረገች ፈገግ አለች።

እናትየው አልሳቀችም። ያን ቀን ስታዲየም ነበረች። ልጇ ወድቆ ሲነሣ፣ «ተነሥ! የእኔ ልጅ እኮ ነው!» እያለች አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው በክርኗ ስትደቁሰው ነበር። አሁን ግን የመጣባት የሐኪሙ ክፍል ነው። ልጇ ያንን ሁሉ ጊዜ ጣቶቿን ሲጠብቅ የነበረው፣ ለካ መልሱን ታሳየዋለች ብሎ ኖሯል። እሷ ደግሞ እጇን ትደብቅበታለች።

ብርጭቆዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አንተ፣ ወደኔ ዙር» አለችው ታናሽየውን። «ባለፈው ስንት ለስንት ወጣችሁ?»

«እማ ደግሞ፣ ሰው ፊት…»

«ስንት ለስንት?»

አፉን ከፈተ። ዐይኑ ከፊቷ ላይ ተንሸራትቶ በእሷ በኩል አልፎ ሄደ። እሷም ተከትላ አየች። አምበሉ ጉልበቱ ላይ ያሳረፈው እጅ ሁለት ጣቱን ቀስሯል።

አምበሉ ራሱ ያወቀው ሁሉም ወደ እጁ ሲያይ ነው። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«እማማ፣ ሆን ብዬ አይደለም… እጄ ለምዶበት… ደግሞ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው አሳየን የሚሉት።»

ምላሷን የሚያውቁ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ፤ አሁን ታወርድበታለች ብለው ጠበቁ።

እሷ ግን ወደ ልጇ ዞረች። «‹አላስታውስም› በል። ነውር አይደለም።»

«ቡድኑ ሰው የለውም፣ እማ።»

«እኔስ ማን አለኝ?»

ታናሽየው መሬት መሬቱን አየ። «አላስታውስም» አለ። «ጨዋታውን ጭራሽ አላስታውሰውም።»

«እሁድ እዚሁ ወንበር ላይ ነው የሚውለው» አለችው አምበሉን። አምበሉ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ጣቶቹ ግን እንደተቀሰሩ ናቸው፤ ማጠፉን ረስቶታል።

እጇን ሰደደችና አንደኛውን ጣት አጠፈችለት። ሁለተኛውንም አጠፈችው። ከዚያ ጡጫውን በመዳፏ ሸፍና፣ ዐይኗን ፎቶው ላይ ተክላ ያዘችው።