የደፋሮች ወንበር

የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ጢም ሲያወርዱ የኖሩት ፀጉር አስተካካይ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቤቱን ለልጃቸው ለቀቁ። ልጅየው ቀለም ቀባው፣ መስታወቱን በመብራት ከበበው፣ ሙዚቃ ከፈተበት። አባቱን ጥግ አስቀምጦ ፎጣ የማጠፍ ሥራ ሰጣቸው። ሥራ ፈትቶ ከመዋል ይሻላል ብለው አጠፉ።

አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ገብቶ፣ «እኔን ፋዘር ይላጩኝ» አለ። ሽማግሌው ጆሯቸውን አላመኑም። ሽርጣቸውን ታጥቀው ምላጭ ያዙ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ጎረምሳው ግን ንቅንቅ አላለም። ልጃቸው ከጎን ስልኩን ደግኖ ቆሟል። ለማስታወሻ ነው አላቸው። በማግስቱ ሌሎች መጡ፣ ውሎ ሲያድር ወረፋ ሆነ። መንገድ ላይ የማያውቋቸው ልጆች «ፋዘር፣ ሰላም ነው?» እያሉ ይጨብጧቸው ጀመር። ከጨበጡ ደግሞ እጃቸውን ቶሎ አይለቁም።

ሰውየው ወጣት ሲያሙ የኖሩ ናቸው። ትልቅ ሰው ሲገባ አይነሱ፣ ሲናገሯቸው አይሰሙ፣ ዓይናቸው ከስልክ አይነቀል ሲሉ። አሁን ግን ነርስ የሆነችው ሴት ልጃቸው ልትጠይቃቸው ስትመጣ፣ «ተሳስቼ ነበር» አሏት። «እኛ አባቶቻችንን ያከበርነው ፈርተን ነው። እነዚህ ወደው ያከብራሉ። ወንድምሽም ሰው ወጣው።»

ልጅቱ ከወንድሟ ጋር ከተኮራረፈች ቆይታለች። እሱ ሲሞገስ መስማት አንገፍግፏታል። ስልኳን አውጥታ ፊታቸው ላይ ደቀነች። «ይኸው፣ ሰው የወጣውን ልጅህን እይ።»

አዩት። የገዛ እጃቸው ስክሪኑን ሞልቶ በሙዚቃ ይርገፈገፋል። ምላጩ ጉሮሮ ጋ ሲደርስ ጎረምሳው ወደ ካሜራው አፍጥጦ፣ «እናቴን ደህና ሁኚ በሉልኝ» ይላል። ከሥሩ ሰው ሁሉ የሚስቅ ፊት ደርድሯል። ወንበሩን የደፋሮች ወንበር ብለውታል።

«እንድታውቅ ብዬ ነው» አለች ልጅቱ፣ ፊታቸውን አይታ ደንግጣ።

«አወቅኩ» አሏት።

በማግስቱ ደንበኛ ሳይገባ ልጃቸውን ጠየቁት። አላፈረም።

«አባዬ፣ ሰው እኮ ይወድሃል። ቤቱ የሞላው ባንተ ነው። ቢስቁ ምን አለበት? ፎጣ ከማጠፍ አይሻልም?»

«በእኛ ጊዜ ሰው ሲንቁ ፊት ለፊት ነበር።»

«የእናንተ ጊዜ አለፈ።»

«እሺ። ና ተቀመጥ፣ ልላጭህ።»

እንቢ ማለት ከበደው፤ ተቀመጠ። አንዱን ጉንጭ ጨርሰው አገጩን ቀና አደረጉና ምላጩን ማንቁርቱ ላይ አሳረፉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ልጅየው የወንበሩን መደገፊያ ጨመደደ፤ ግንባሩ በላብ ራሰ።

«ሳቅ እንጂ» አሉት።

«አባዬ፣ በቃ።»

«ሳቅ። ሰው ይወድሃል እኮ።»

ጥርሱን ለማሳየት ሲሞክር ቆዳው ተወጠረና ከአገጩ ሥር ቀጭን ደም ወረደ። ሽማግሌው ደስ አላቸው። ይህ ልጅ የተወለደ ቀን እንኳ እንዲህ ጥርት ያለ ደስታ እንደተሰማቸው አያስታውሱም። ግማሽ ፊቱን ሳይላጩ ትተውት፣ ሽርጣቸውን ወርውረው ወጡ።

ማታ ሴት ልጃቸው ደወለች። ሳቋን ለማፈን ስትታገል ድምጿ ያስታውቅባታል። ወንድምየው ስልኩን እንደ ሁልጊዜው መስታወቱ ሥር አቁሞት ኖሯል። ግማሽ ጢሙንም፣ ደሙንም፣ የአባቱን «ሳቅ እንጂ»ንም አንድ ሳያስቀር ለቆታል። እንደዚያ የታየ ቪዲዮ አልነበረውም።

ሽማግሌው ጥቂት ቀን ቤት ዋሉ። በራቸውን ያንኳኳ የለም። አንድ ጠዋት ተነስተው ሄዱ። ወረፋው ደጅ ድረስ ወጥቷል። ልጅየው ሽርጡን አቀበላቸው፤ እሳቸውም ታጠቁት። የመጀመሪያው ጎረምሳ ተቀምጦ አንገቱን ቀና አደረገ። ስልኩ ወደሳቸው መዞሩን አዩ።

ያን ጠዋት እጃቸው ረጋ ብሎላቸው ነበር። አንቀጠቀጡት።