ወንበሩ ላይ የተሰቀለው ጃኬት

ፎቶ አንሺዋ ደንበኞቿን «ፈገግ በሉ» ብላ አታውቅም። ፈገግ በል የተባለ ሰው ጥርሱን ያሳያል እንጂ አይስቅም ትላለች። ካሜራውን ማቆሚያው ላይ ካስተካከለች በኋላ ወሬ ትጀምራለች፤ ስለ ልጅ፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ጎረቤት። ሰውየው ፎቶ ሊነሳ መምጣቱን ረስቶ አፉ ላይ የመጣለትን ሲመልስ ጣቷ ቁልፉን ይጫናል። በሁለቱ ሱቆች መካከል ያለው ግድግዳ ስስ በመሆኑ ወሬዋን ሁሉ የሚሰማው ጎረቤቷ፣ ልብስ ሰፊው፣ «አንቺ እኮ ፎቶ አታነሺም፤ ሰው ታናዝዣለሽ» ይላታል።

በዚህ ዘዴ ስንት ሙሽራ፣ ስንት ተመራቂ አንስታለች። የሚመጣላት ሥራ ግን የሠርግና የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነበር። እናም የፎቶ ውድድር ማስታወቂያ ወጥቶ ርዕሱ «ናፍቆት» መሆኑን ስታነብ ሌላ ሰው አላሰበችም፤ እናቷን አሰበች።

እናትየዋ የምትናፍቀው ወንድ ልጇን ነበር። የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ልጅ ሳለ ቀኑን ሙሉ አሮጌ ጎማ እየገፋ ሰፈሩን ሲዞር ስለሚውል ጎማው ብለውት፣ አድጎም ስሙ አልለቀቀውም። አባታቸው የሞተ ጊዜ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ለቀብሩ ሳይደርስ ቀረ። በማግስቱ አቧራ ለብሶ ሲገባ እናትየዋ ለቀስተኛው ሁሉ ፊት «ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ» አለችው። የሐዘን ቃል ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላው ቆጭቷታል። ነገር ግን እሷ የተናገረችውን የማትመልስ፣ እሱ የሰማውን የማይረሳ፣ ሁለቱም ከአንድ እንጨት የተጠረቡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። የተወው ጃኬት ከእናትየዋ በር ጀርባ እንደተሰቀለ ነበር፤ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ቡናማ ጃኬት፤ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም።

ፎቶ አንሺዋ ሥዕሉን በሐሳቧ ጨርሳው ነበር። የእናቷን ጠረጴዛ፣ ያንን የካውያ ጠባሳ ያለበትን፣ በሁለት ሰው አሸክማ ስቱዲዮ አስገባች። ሁለት የሻይ ብርጭቆ፣ አንዱ የተጠጣ፣ አንዱ እንደሞላ። ሁለት ወንበር፣ በአንዱ ላይ እናቷ፣ በሌላው መደገፊያ ላይ ጃኬቱ። እናትየዋ ጃኬቱን ያዋሰችው በብዙ ልመና ነው። «ሳትጨማድጂ መልሽልኝ» ብላ ራሷ አጥፋ በፌስታል አድርጋ ሰጠቻት።

ፎቶው ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው ጎማው ደወለ። ድምፁን ከሰማች ቆይታ ነበር። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም፤ እሑድ በከተማው በኩል እንደሚያልፍ፣ እናቱ ከፈቀደች ቤት ገብቶ ምሳ ሊበላ እንደሚፈልግ ነገራት። ራሱ ለምን እንደማይደውልላት ስትጠይቀው «እንደገና አትምጣ ስትለኝ በጆሮዬ መስማት አልችልም» አለ። ከዚያም፦

«አንቺ ጠይቂልኝ። እሺ ካለች ደውዪልኝ። እምቢ ካለች ምንም አትበዪኝ፤ ዝም ካልሽ ይገባኛል።»

ስልኩን ስትዘጋ ደስ ብሏት ነበር። ወዲያው ግን ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ አረፈ፤ ሁለቱ ብርጭቆዎች ላይ፣ ባዶው ወንበር ላይ። እናቷ ይህን ወሬ ከሰማች ነገ ምን ዓይነት ፊት ይዛ እንደምትመጣ ታውቃለች። ከፎቶው በኋላ እነግራታለሁ አለች በልቧ። አንድ ቀን ቢዘገይ ማን ይጎዳል?

እናትየዋ በማግስቱ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተቀብታ መጣች። ልጅቷ የቤት ቀሚስ እንድትለብስ ስትነግራት ተቆጣች። «ፎቶ ቤት ያላት ልጅ ወልዳ በቤት ቀሚስ ተነሳች ይሉኛል። ምነው፣ ወጥ እያማሰልኩ አታነሺኝም?» በመጨረሻ ለበሰች፤ ተቀመጠች፤ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደ መታወቂያ ፎቶ ደርቃ ቀረች። ልጅቷ መብራቱን ስታጠጋ እናትየዋ ሳቋ መጣ። ስለ ጎረቤቷ ድመት አወራች። ቁጭ ብሎ ማዘን ከሆነማ ቤቷም እንደማያቅታት፣ ለዚህ ተብሎ ጠረጴዛ ማጓጓዝ ምን የሚሉት እብደት እንደሆነ ተናገረች። ልብስ ሰፊው ከግድግዳው ወዲያ ሲስቅ ይሰማል። ጠዋቱ በዚህ አለቀ፤ ካሜራው ውስጥ የገባው ሁሉ አንዲት ተጫዋች ሴት ነበረች።

ልጅቷ ደክሟት ዝም አለች። ዝምታው ሲረዝም እናትየዋ ወደ ጃኬቱ ዞረች፤ እጅጌው ተጠማዞ ነበርና ዘርግታ አስተካከለችው። እጇን ሳታነሳ፣ ልጇንም ሳታይ ጠየቀች።

«ለመሆኑ ለአንቺስ ደውሎልሽ ያውቃል?»

የልጅቷ ጣት ቁልፉ ላይ ነበር።

«የለም» አለች፤ ተጫነችውም።

ያ ፎቶ ነው። በውስጡ እናትየዋ አታለቅስም። አፏ ሌላ ቃል እንደሚጠብቅ ትንሽ ተከፍቷል፤ እጇ እጅጌው ላይ ቀርቷል፤ ዓይኗ ጥያቄውን ገና አልተወም፤ መልሱ ግን ደርሶባታል።

በዚያው ቅጽበት ልጅቷ ልትነግራት አፏን ከፍታ ነበር። «ታዲያ ለምን የለም አልሽኝ?» ብትላትስ? ነገ «ዛሬ ገና ደወለ» ብዬ እነግራታለሁ አለች በልቧ። በማግስቱ ፎቶውን ስታስተካክል ዋለች። ቅዳሜ ሠርግ ነበር፤ ሙሽሮቹ ከመናፈሻ ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ወደ መናፈሻ ሲያመላልሷት ዋሉ። እሑድ ረፋዱ ላይ ስትነቃ ነገሩ ደረቷ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ለወንድሟ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ዝም ስትለው ገብቶት፣ ወር የሚፈጅ የሩቅ ጭነት ተቀብሎ ሄዶ ነበር።

ለእናቷ ምንም አልተናገረችም። አሁን የሚነገረው፣ ሊመጣ ነበር፣ በእኔ ምክንያት ቀረ የሚል ነው። ይህንን በምን አፏ?

ፎቶው አንደኛ ወጣ። በሰው ቁመት ልክ አሳትመው በአንድ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ከዳኞቹ አንዱ፣ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ፣ ይህን ፊት እንዴት እንዳገኘችው ጠየቃት። «አዋራኋት» አለች። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፤ ትልቅ ነገር እንደሰማ ሁሉ። ልብስ ሰፊው ደግሞ ከፎቶው ፊት ቆሞ ቆሞ መሐረቡን አወጣ። «ሚስቴ ጥላኝ ስትሄድ ያላለቀስኩትን አስለቀስሽኝ። እሷ ብትሰማ ትመለሳለች፤ ተመልሳ ትገድለኛለች።» ሰው ሳቀ። ፎቶ አንሺዋም አብራ ልትስቅ ሞከረች።

እናትየዋ የክት ቀሚሷን ለብሳ ነበር፤ ዛሬ የሚከለክላት የለም። ሰዎች አንዴ እሷን፣ አንዴ ፎቶውን እያዩ መንገድ ለቀቁላት። ቀረብ ብላ ብዙ ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ የልጇን ክንድ ይዛ፣ ማንም እንዳይሰማ፣ እንደ መኩራትም ብሏት፦

«ይሄ የለም ያልሽኝ ጊዜ ነው። አወቅሁት» አለቻት።

ልጅቷ ከአዳራሹ ወጥታ የእጅ መታጠቢያው ጋ ቆመች። ውሃውን ከፍታ ተወችው። እናቷ ስለ ፎቶው ከሽማግሌው ዳኛ ይልቅ አውቃ ነበር፤ የጎደላት አንዲት ነገር ብቻ ናት።

በዚያ ሳምንት ጎማው ራሱ ደወለ። አንድ የመንገድ ጓደኛው ስልኩ ላይ ፎቶ አይቶ «ይቺ አንተን አትመስልም?» ብሎ አሳይቶት ነበር። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«ጃኬቴን አየሁት» አለ። «የሞተ ሰው ልብስ አስመሰላችሁት። እሱስ ይሁን። እንዲህ የምትናፍቀኝ ከሆነ ለምን እምቢ አለችኝ?»

ሌላ ውሸት ምላሷ ላይ ነበር። የኔትወርክ ችግር ልትል ትችላለች፤ መልእክት ልኬ ነበር ልትል ትችላለች። አላለችም። እናታቸው እምቢ እንዳላለች፣ ጭራሹኑም እንዳልተጠየቀች ነገረችው፤ ለምን እንደሆነም ጭምር። ሲሰማ የመኪናው ሞተር ከጀርባው ያጓራል። ከዚያ ሞተሩን አጠፋው።

«እኔን ተይኝ» አለ። «ለእሷ ንገሪያት። ሳትነግሪያት አልመጣም። ውሸት ላይ ተቀምጬ ምሳ አልበላም።»

በማግስቱ እናትየዋ ጃኬቱን ልትወስድ ስቱዲዮ መጣች። ልጅቷ ሳትመልስላት ከርማለች። እናትየዋ ዙሪያውን ስታይ ጃኬቱን ልጅቷ ለደንበኛ በምታውሳቸው ልብሶች መካከል አገኘችው፤ በምረቃ ካባና በተቋጠሩ ከረባቶች መሐል ተሰቅሎ። አንድ የመታወቂያ ደንበኛ ሳይለብሰው አልቀረም፤ ኪሱ ውስጥ የሰው ማበጠሪያ ነበር። ማበጠሪያውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄንንም አከራየሽው?» አለች እንደ ቀልድ።

ያኔ ነገረቻት። ቆማ ነገረቻት፤ ከፎቶው በፊት በነበረው ምሽት መደወሉን፣ እሑድ ሊመጣ እንደነበር፣ ዝምታን እምቢታ ብሎ እንደሚወስደው፣ ከዚያም ሠርጉን፣ የተዘጋውን ስልክ። እናትየዋ እየሰማች ጃኬቱን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገትጌውን በአውራ ጣቷ ታሻሽ ነበር። ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«የለም ስትዪኝ፣ መደወሉን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ፊቴንም እያየሽ ነበር።»

«እያየሁ ነበር፣ እማዬ።»

እናትየዋ ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። የማለዳው ብርሃን በጎን መጥቶ ግማሽ ፊቷ ላይ ወድቆ ነበር። ፎቶ አንሺዋ ብርሃኑ ጥሩ መሆኑን አየች፤ ማየቷን ራሷ ጠላችው፤ ዓይኗንም ወደ መሬት አወረደች።

«ደውዪልኝና ስልኩን ስጪኝ» አለች እናትየዋ። ልጅቷ ደውላ ሰጠቻት። «አሁን ውጪ።»

ወጣች። በሩን እናቷ ከውስጥ ዘጋችው፤ መጋረጃውንም ሳበችው። ልብስ ሰፊው ደጁ ላይ ቁልፍ እየተከለ ነበር። ቀና ብሎ፣ ከገዛ ቤቷ የተባረረች ባለቤት ዛሬ ገና ማየቱን ነገራት። ከዚያ ፊቷን አየና ወደ መርፌው ተመለሰ። ከውስጥ የእናቷ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። አንዴ «ጎማዬ» ስትል የሰማች መሰላት። ከዚያ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ ነገር። ያ ፊት ምን እንደሚመስል አላወቀችም። ወደ መጋረጃው አልተጠጋችም።

እናትየዋ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ጃኬቱን ክንዷ ላይ አጥፋ ይዛለች። ስልኩን መለሰችላት።

«እሑድ ይመጣል። ጠረጴዛዬን ከዚያ በፊት መልሺልኝ፤ የምንበላበት ነው። ካሜራ ይዞ የሚመጣ ሰው ደግሞ አልፈልግም።»

«እሺ።» ልጅቷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። «እኔስ ልምጣ?»

እናትየዋ መንገዱን አየች፤ ጃኬቱን ወደ ሌላኛው ክንዷ አዛወረችው።

«እሱን ጠይቂው» አለች። «እሺ ካለሽ ደውዪልኝ።»