ብርቅ ያልሆነችው አበባ

የዕፅዋት ተመራማሪዋ ባሏን ጫካ ይዛው ለመሄድ ያልለመነችው ልመና አልነበረም። እሱ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ቅዳሜ ሲመጣ ሶፋው ላይ እግሩን ሰቅሎ «አንቺ ሂጂና ዛፎችሽን ሰላም በይልኝ» ይላት ነበር። አንድ ቀን እንደ ምንም ጎትታ ወሰደችው። ወሰደችውና ጉዷ ፈላ።

ሰውዬው ጫካውን ወደደው። እሷን ስንት ዓመት ሙሉ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ብቻ የሚያሳልፋት ኮስታራው የጫካ ጠባቂ፣ ሐኪሙ የሚያመውን መንጋጋ ካየለት ወዲህ «ዶክተር፣ እንዴት ሰነበቱ!» እያለ ሊቀበለው ይሮጣል። እሷም እኮ ዶክተር ናት። እህቷ እንኳ ደውላ «ባልሽ የላከልኝ የአበባ ፎቶ እንዴት ያምራል!» አለቻት፤ እሷ የላከችላትን ከፍታም አታይ።

ቅናት ነው እንግዲህ፤ ሌላ ስም አንፈልግለትም። በሌላ ሴት ቢሆን ለሰው ይነገራል፤ በገዛ ባል መቅናት ግን ለማን ይወራል?

አንድ ሕግ አስተምራዋለች፤ በየቦታው የሞላ ከሆነ ይቀጠፋል፣ ብርቅ ከሆነ እጅ አይነካውም። አበባ ባየ ቁጥር «ይቺስ?» ይላል፤ እሷም «ተው፣ እንዳትነካት!» ትለዋለች። እንዲህ ሲሆን አንድም አበባ ሳይሰጣት ቆየ።

እሷ የምትፈልገው ደግሞ ሌላ ነበር፤ ቅጠል የሌላት፣ ከጥፍር የማትበልጥ ነጭ አበባ። መምህሯ በወጣትነታቸው በዚሁ ጫካ አንዴ አይተዋት፣ ከዚያ ወዲያ ያያት የለም። ሌላው ጠፍታለች ብሎ ሲተዋት፣ እሷ በየክረምቱ በጉልበቷ እየዳኸች መሬቱን ስታስስ ኖራለች። ለባሏም አልነገረችውም፤ አግኝታ ልታስደንቀው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሐኪሙ ያረጀ ግንድ ላይ ቀዳዳ አየ። ቀዳዳ አይቶ ማለፍ የት ይችልና! የእጅ ባትሪውን አብርቶ፣ አንገቱን አጣሞ፣ የታካሚ አፍ እንደሚያይ አየ።

«ነይ ቶሎ! አንዲት ነጭ ነገር አለች!»

ተንበርክካ አየች። እሷው ናት። አንድ ለእናቷ ሆና ጨለማው ውስጥ ቆማለች።

ደስ ሊላት ሲል ቅናቱ ቀደማት። ስትድህ የኖረችው እሷ፣ ያገኘው እሱ! ነገ ጠባቂው ይሰማል፣ እህቷ ትሰማለች፣ አበባዋም ዶክተሩ ያገኛት ተብላ ትቀራለች።

«ብርቅ ናት?» አላት፣ ዓይኑ እንደ ሕፃን እየበራ።

«ምን ብርቅ አላት፤ በየመንገዱ ዳር ሞልታለች» አለችው። ሰኞ ብቻዋን መጥታ ልታገኛት ነው ሐሳቧ። ፊቷን እንዳያይባት ዞር ብላ ዕቃዋን ቦርሳዋ ውስጥ መክተት ጀመረች።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ከኋላዋ መጥቶ ጸጉሯን ከጆሮዋ ገለጥ አደረገና አንድ ነገር ሻጥ አደረገላት።

«ይኸው፣ ዛሬ እንኳ አልከለከልሽኝም» አላት። «እንዴት እንዳማረብሽ!»

መጮኽ ፈለገች፤ ግን ምን ብላ ትጩኽ? ጠባቂው በሩ ላይ ሲያያት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለላት። እሷ አልመለሰችለትም፤ አበባዋ እንዳትወድቅ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ እንባዋን ሳትጠርግ እስከ መኪናው ሄደች።