አቅጣጫ እስኪመጣ ያልተወለደው ልጅ

የግራር ውኃ ከተማ ምክር ቤት አባል የሆኑት አቶ አስረስ በዚያ ምሽት እራት አልወርድ ብሏቸው ከነልብሳቸው አልጋ ላይ ተጋደሙ። ዓይናቸው ላይ የሚሄድባቸው የዋለው ስብሰባ ነበር። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ነገ ነው፤ ፓርቲው ግን ዛሬ ተሰብስቦ ጨርሷል። የግራር ውኃ ልማድ እንዲህ ነው፤ ነገ የሚመከረው ሁሉ ዛሬ ተመክሮ ያድራል። አዳራሹ ያው አዳራሽ፣ ወንበሩ ያው ወንበር፣ ሰዎቹም ያው ሰዎች ናቸው። የሚለወጠው መድረኩ ላይ የሚሰቀለው ጨርቅ ብቻ ነው፤ ዛሬ የፓርቲው፣ ነገ የከተማው።

ጉዳዩ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ሲስተር ደብሬን አንሥቶ ልየው የሚባለውን የፓርቲውን የወጣቶች ሊግ ሰብሳቢ በቦታዋ ማስቀመጥ ነበር። ጥፋቷ ምንድን ነው ቢሉ፣ አምቡላንሱን ለጉባኤ እንግዶች ማመላለሻ ስጪ ስትባል «ምጥ የያዛት ሴት በምን ትምጣ?» ብላ መከልከሏ ነው። ይህ የአመለካከት ችግር ተባለ። ልየው ደግሞ ንግግር ያውቃል፤ ስለ ጤና የሚያውቀው ግን ራሱን ሲያመው ብቻ ነው።

ከንቲባው መኳንንት የፓርቲውም ሊቀ መንበር ነው። ውይይቱን ሊከፍት ቆመና ከፊቱ ካሉት ወረቀቶች የተሳሳተውን አነሣ። በመክፈቻው ፈንታ የማጠቃለያውን የአቋም መግለጫ ማንበብ ጀመረ፦ «ቀኑን ሙሉ ባካሄድነው ጥልቅና ግልጽ ውይይት፣ ሲስተር ደብሬ ከኃላፊነት እንድትነሣ በሙሉ ድምፅ ወስነናል!» ገና አንድ ሰው እንኳ አፉን አልከፈተም ነበር። አዳራሹ ግን በጭብጨባ ተናጋ። የሳቀ የለም፣ የደነገጠም የለም። ከንቲባው ስሕተቱን ሲያውቅ «እንግዲህ ጊዜ ቆጠብን» አለና ሁሉም ወደ ሻዩ ወጣ።

አቶ አስረስም አጨብጭበው ነበር። ልጃቸው ይታይሽ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እናቷ ቤት መጥታ፣ እግሯ አብጦ፣ በወዲያኛው ክፍል ታቃስታለች። ጽንሱ አቀማመጡ አላማረም፣ በእግሩ ሊመጣ ይችላል ተብሏል። ሲስተር ደብሬ ከሥራዋ መልስ እየመጣች ሆዷን ዳስሳ «አይዞሽ፣ አለሁልሽ» ባትላት ኖሮ ልጅቱ በፍርሃት ብቻ ባለቀች ነበር። አቶ አስረስ ዝም አይነቅዝም እየተባሉ ያደጉ ሰው ናቸውና ዝምታውንስ ለምደውታል፤ ጭብጨባው ግን እጃቸው ላይ የቀረ መሰላቸው። ተነሥተው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ተመልሰው ሲጋደሙም እንቅልፍ ወሰዳቸው።

እንቅልፉም እንደ ወሰዳቸው ራሳቸውን በአንድ ጎዳና ላይ ቆመው አገኙት፤ አጠገባቸውም ኩታዋን በወገቧ ያሰረች አሮጊት ቆማለች። ለዩዋት። የግራር ውኃን ግማሽ ሕዝብ፣ እርሳቸውንም ጭምር ያዋለደችው፣ ከሞተች ብዙ ዘመን የሆናት እማማ ጥሩዬ ናት።

«እማማ! እርስዎ አልሞቱም እንዴ?»

«ሞቻለሁ እንጂ። እኔ ግን አልሸተትኩም፤ ይልቅ አፍንጫህን ያዝና ተከተለኝ።»

ሄዱ። ከተማዋ ራሷ ግራር ውኃ ነበረች፤ ቤቶቹ ግን በአርማና በመፈክር ብዛት ግድግዳቸው አይታይም። በጎዳናው ላይ የሚመላለሰው ሕዝብ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ቀኝ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይሄዳል። የተዘረጋው እጅ ደርቋል፤ ጥፍሩ አድጎ ተጠማዝዟል፤ ብብቱ ሳይታጠብ በመክረሙ ዝንብ ወርሮታል። ሴቶቹ እንስራ ማንሣት አቅቷቸው ውኃውን በአንድ እጃቸው ሲጎትቱ ያፈሱታል። ሰው ለሰው ሰላምታ ሲሰጥ እጁን አውርዶ መጨበጥ ስለማይችል በክርኑ ይገፈታተራል። አቶ አስረስ ወደ እማማ ጥሩዬ ዞሩ።

«ምን ነክቷቸው ነው?»

«የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲባል አወጡ፤ አውርዱ ያላቸው የለም። ራሳቸው እንዳያወርዱ ደግሞ ጎረቤታቸውን ይፈራሉ» አለቻቸውና ወደ ማዘጋጃ ቤቱ አስገባቻቸው።

ከንቲባው ከሰፊ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ይጽፋል። ጽፎ ሲጨርስ ማኅተም መታበት፤ ከዚያ ተነሥቶ ጠረጴዛውን ዞረና በወዲህኛው ወንበር ተቀምጦ ያንኑ ደብዳቤ አነበበው። ሲያነብ በአክብሮት ጎንበስ ይላል። «የፓርቲያችንን ውሳኔ በደስታ ተቀብለናል» ብሎ መልሱን ጻፈ፣ ማኅተም መታ፣ ጠረጴዛውንም መልሶ ዞረ። ለራሱ ሲሰግድ ግንባሩ ላጥ ብሏል።

«አቤት የሚባልበት የለም? ክልሉስ?» አሉ አቶ አስረስ።

እማማ ጥሩዬ የጓሮውን በር ከፈተችላቸው። ከበሩ ወዲያ የክልሉ ቢሮ ነበር፤ ምንጣፉ ወፍራም፣ ጠረጴዛው ትልቅ። በዚያም አንድ ወፍራም ሰው ሸሚዙን ገልቦ ጀርባውን ወደ በሩ አዙሮ ተቀምጧል። ከንቲባው ሮጦ መጣና ያክለት ጀመር። ወዲያው ተዟዟሩና ሰውዬው በተራው የከንቲባውን ጀርባ ያክ ጀመር። ቅርፊቱ ምንጣፉ ላይ ይረግፋል። ሁለቱም በደስታ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ያኛው ይህን ይሾመዋል፣ ይህም ያኛውን በጉባኤ ይመርጠዋል» አለች እማማ ጥሩዬ። «እከክልኝ ልከክልህ ነው። አቤቱታህን በየትኛው ጀርባ ላይ ልትጽፈው ነው?»

«ያውጡኝ እማማ፣ ሊያስመልሰኝ ነው!»

«ስታጨበጭብ ያላስመለሰህ አሁን ምን ሆንክ?» አለችና እጃቸውን ይዛ በወንዙ ድልድይ አሻገረቻቸው።

ከድልድዩ ማዶም ያችው ግራር ውኃ ነበረች። የተዘረጋ እጅ ግን የለም። በምክር ቤቱ አዳራሽ ሰዎች ይከራከራሉ፤ አንዲት ሴት ተነሥታ የገዛ ፓርቲዋን ከንቲባ ስለ ፈረሰው የውኃ ቧንቧ ላብ እስኪያጠምቀው ትጠይቀዋለች፤ ከስብሰባው ሲወጡም አብረው እየሳቁ ይሄዳሉ። በምርጫ የተሸነፈ አንድ ሊቀ መንበር ሽንኩርት ገዝቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሰዉ ቆብ አንሥቶ ሰላም ይለዋል። አምቡላንሱ ከማዋለጃው ክፍል ፊት ለፊት ቆሟል።

«እዚህ ፓርቲ የሚባል ጠፋ ማለት ነው?» ጠየቁ አቶ አስረስ።

«ለምን ይጠፋል? ያውልህ፣ ከገበያው ጀርባ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ምርጫ ሲደርስ መጥቶ ይለምናል፤ ሲሰጡት ያገለግላል፣ ሲነፍጉት ይሄዳል። የመንግሥት ቤት ግን የአባቱ ርስት አይደለም። ሐኪሙን የሚሾመው ፈተና ነው፤ የየትኛው ፓርቲ ደጋፊ እንደ ሆነ ሚስቱ እንኳ አታውቅም።»

«በጦርነት ነው ይህ የተገኘው?»

«ጦርነትማ መቼ ጠፍቶ ያውቃል! ጦርነት ተቀማጩን እንጂ ወንበሩን አይለውጥም። አንድ ቀን በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ጥያቄ ጠየቀ፤ ሌላው ከዚያ ቀጠለ።»

«ምን ብሎ ጠየቀ?»

እማማ ጥሩዬ እጃቸውን ያዘች። መልሳ በድልድዩ አሻገረቻቸውና ከጤና ጣቢያው አደረሰቻቸው። ገና በሩ ላይ የደምና የረጋ ውኃ ሽታ ተቀበላቸው። በማዋለጃው ክፍል አዋላጆቹ ሁሉ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው በግድግዳው ጥግ ተሰልፈዋል። በመካከላቸው ልየው ነጭ ጋውን ከፓርቲው ቲሸርት በላይ ደርቦ፣ በግራ እጁ ስልክ ይዞ ቆሟል። አልጋው ላይ አንዲት ሴት ታምጣለች። የሕፃኑ እግር ቀድሞ ብቅ ብሏል።

«ያዙት እንጂ!» ብለው ጮኹ አቶ አስረስ።

«ታገሡ፣ ከበላይ አቅጣጫ አልመጣም» አለ ልየው። «ሳይፈቀድ ብናዋልድ ተጠያቂነት አለው።»

ሴትዮዋ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ይታይሽ ናት። «አባዬ» አለች። አቶ አስረስ ሊይዙላት ተወረወሩ፤ ቀኝ እጃቸው ግን ወደ ላይ እንደ ተዘረጋ አልወርድ አላቸው። በግራቸው ቢጎትቱት፣ በግድግዳው ቢያላትሙት፣ እንጨት ሆኗል።

«እማማ ጥሩዬ፣ ይድረሱላት! አዋላጅ አይደሉም?»

«እኔ የሞትኩ ነኝ፣ ልጄ» አለች አሮጊቷ። «እጅ ያላችሁ እናንተ ናችሁ።»

በራሳቸው ጩኸት ባነኑ። ነግቷል። ቀኝ እጃቸው በሰውነታቸው ተጭኖ ደንዝዟል፤ ከወዲያኛው ክፍልም የእውነት ጩኸት ይሰማል። ሚስታቸው በሩ ላይ መጥተው «ምጡ ጀምሯታል፤ ወደ ጤና ጣቢያ ልወስዳት ነው» አሏቸው።

«ውሰጃት። ሲስተር ደብሬ አጠገቧ ትሁን» አሉ አቶ አስረስ ጋቢያቸውን እያነሡ። «እኔ የማየውን አይቻለሁ፤ ለምክር ቤቱ ሰዎችም መንገር አለብኝ።»

ምክር ቤቱ ሲደርሱ ከንቲባው አጀንዳውን አንብቦ «የምትደግፉ» ብሎ ነበር። እጁ ሁሉ ወጥቷል። አቶ አስረስ ወንበራቸው ጋ ሳይደርሱ በመተላለፊያው ላይ ቆሙና ከፊት ረድፍ የተቀመጠውን ልየውን አዩት።

«ልየው፣ የእኔ ልጅ አሁን ምጥ ላይ ናት። ሕፃኑ በእግሩ ነው የሚመጣው። አንተ ልታዋልዳት ትመጣለህ?»

«አቶ አስረስ፣ ኃላፊነት አመራር እንጂ ሙያ አይደለም። ይቀመጡ» አለ ከንቲባው።

«አንተን አልጠየቅሁም።»

ልየው ፊቱ ቀላ። ወደ ከንቲባው አየ፣ ወደ አቶ አስረስም አየ። በልቡ ክፉ ልጅ አልነበረም።

«እኔማ ደም ሳይ ይጥለኛል፣ አባባ» አለ በቀስታ። «ሲስተር ደብሬን ይጥሩላት እንጂ።»

አዳራሹ ውስጥ ከወጡት እጆች አንዳንዶቹ ወረዱ። ከንቲባው ደወሉን ደጋግሞ መታ። አቶ አስረስ ግን አልተቀመጡም፤ ማታ ያዩትን ከእማማ ጥሩዬ ጀምረው ይነግሯቸው ጀመር።