የበሽተኞቹ ሩዝ

ፖስታው ሲመጣ ቺዙሩ ቁርሷን እየበላች ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሩዝ ትወድ ነበር።

ነገሩን ያመጣው አጎቷ ኩኒሂኮ ነው። የአባቱ የዮሺታሮ ሠላሳ ሦስተኛ ሙት ዓመት በታኅሣሥ ይከበራል። ያን ቀን በስሙ የቆመችው የመታሰቢያ ጣውላ ከቤቱ መሠዊያ ትነሣና ሟቹ ከጥንት አያቶች ጋር ይደባለቃል፤ ከዚያ ወዲያ ለብቻው ስሙን የሚጠራው የለም። ኩኒሂኮ አባቱን እንዲሁ መሸኘቱ አላረካው ብሎ፣ «የጦር ሜዳ መዝገቡን አሳትሜ አድላለሁ» ሲል በጥሪ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ጽፎ ሲያበቃ ሥራውን በሟች ወንድሙ ልጅ በቺዙሩ ላይ ጣለው።

«አንቺ የቤተ መጻሕፍት ሰው ነሽ፤ ወረቀት ያውቅሻል» አላት።

መንግሥት የሟች ወታደርን መዝገብ ለቅርብ ዘመድ ካልሆነ አይሰጥም። ቺዙሩ የልጅ ልጅነቷን ለማስመስከር ሦስት ማዘጋጃ ቤት ዞራ የአባቷንም የአያቷንም የቤተሰብ መዝገብ ለቅማ ላከች። ይህን ሁሉ የደከመችው በኩራት ነበር፤ ሞኝነቷ አሁን ድረስ ያናድዳታል።

በፖስታው የመጣው መዝገብ አንዲት ገጽ ናት። የተመለመለበት ቀን፣ ቻይና የገባበት፣ ማዕረግ ያገኘበት ተራ በተራ ሰፍሯል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነውና መጨረሻው ላይ ቅጣት የሚል ዓምድ አለ። «የመስክ ሆስፒታል የስንቅ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሳለ ለበሽተኞች የተመደበ ሩዝ ሰርቆ ስለሸጠ፣ ሃያ ቀን እስራት።» ጊዜው የጦርነቱ የመጨረሻ ዓመት፣ የካቲት ነው።

የጎረሰችውን ሳህኑ ላይ ተፋችው።

የተፋችው ሩዝ የእማማ ኪኑኤ ነበር። አያቷ በሕይወት ሳለ በየበጋው የሚያወራት አንዲት ታሪክ ነበረችው፤ የሰፈሩ ልጅ ቶሺማሳ እዚያው ሆስፒታል በረሃብ ሲሞት የመጨረሻ እፍኝ ሩዙን «አንተ ኑርልኝ» ብሎ ለእሱ እንደሰጠው። በአስከሬኑ ፈንታ የሟቹን ጥፍርና ጸጉር ለታናሽ እህቱ ለኪኑኤ ያመጣላትም ራሱ ዮሺታሮ ነው። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ ዛሬ ሰማንያ ሰባት ሞልቷታል። ወንድሟን አቅፎ ለሸኘው ሰው ቤት በየመኸሩ ከማሳዋ አዲስ ሩዝ ትልካለች። ዮሺታሮ ሩዙ ሲቀርብ ያለቅስ ነበር። አልቅሶ ሲያበቃ ደግሞ ይጨመርልኝ ይል ነበር። የሆስፒታሉ ሩዝ መጀመሪያውኑ ከየትኛው ቻይናዊ ገበሬ ጎተራ እንደተዘረፈ የሚጠይቅ ዓምድ ግን መዝገቡ ላይ የለም፤ ለዚያ የታሰረ ሰው የለማ።

ለአጎቷ ደወለችና አነበበችለት።

«ሃያ ቀን ምን አላት?» አለ ኩኒሂኮ። «ጦርነት ነው። ያኔ ያልሰረቀ ማን አለ?»

«ከበሽተኛ አፍ?»

«ሙት ወቃሽ አትሁኚ! አባቴ ነው!»

«የኔም አያት ነው። የሚያቅለሸልሸኝ ለዚህ አይደል እንዴ!»

«ለእማማ ኪኑኤ ልትነግሪያት ነው? በዚህ ዕድሜዋ? በቃ ግደያት!»

ቺዙሩ ስልኩን ዘጋች። አሮጊቷ በዚያ ታሪክ ተደግፋ ዕድሜዋን ሙሉ ኖራለች፤ ምርኩዟን መቀማት ምን ይባላል? ዝም ብሎ ሩዟን መብላትስ? ወረቀቱን ለአጎቷ በፖስታ ላከች፤ እሱ ዓምዱ ላይ ነጭ ቁራጭ ለጥፎ ሠላሳ ቅጂ አባዝቶ፣ ሽፋኑን በአበባ አስጊጦ፣ ዋናውን መለሰላት። ነጩ ቁራጭ ከስርቆቱ ይብስ አስጠላት። እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ዳቦ በላች።

በዕለቱ መነኩሴው ጸሎቱን ጨረሰ። እማማ ኪኑኤ ያመጣችው ትንሽ ጆንያ መሠዊያው ሥር ተቀምጧል፤ ከእሱ ተቀንሶ የተቀቀለ ሩዝ ጣውላዋ ፊት በጎድጓዳ ሳህን ተቆልሎ ይጨሳል። አሮጊቷ የታደላትን ወረቀት ለቺዙሩ ዘረጋችላት።

«ዓይኔ ከድቶኛል፤ አንብቢልኝ ልጄ። ስለ ወንድሜ የሚል ካለ ቀስ በይ።»

«እማማ፣ የምሳው ዓሣ እኮ ይቀዘቅዛል» አለ ኩኒሂኮ ፈጠን ብሎ።

«እኔ ሰባ ምናምን ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ያንተ ዓሣ ትንሽ ቢጠብቀኝ አይሞትም፤ አንዴ ሞቷል!»

እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ቺዙሩ አነበበች፤ ነጩ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አለቀ?» አለች አሮጊቷ።

አጎቷ አፍጥጦ አያት። የሩዙ እንፋሎት አፍንጫዋ ገባ። አለቀ ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ከቦርሳዋ ዋናውን አወጣችና ቅጣቱን ጮክ ብላ አነበበችው።

«ድገሚው።»

ደገመችው።

«የካቲት?»

«የካቲት፣ እማማ።»

«ቶሺማሳ የሞተው የካቲት ማለቂያ ላይ ነው» አለች አሮጊቷ። ጣውላዋን ተመለከተች። «እንኳን ዛሬ መጣሁ። ነገ ቢሆን በስሙ አላገኘውም ነበር።»

መሬቱን ተደግፋ ተነሣች። ትኩሱን ሩዝ ከመሠዊያው አንሥታ መሐረቧ ላይ ገለበጠችው፤ ቋጠረችው፤ ጆንያዋን አፉን አሰረችው። መነኩሴው ዓይኑን ሰበረ።

«እማማ!» አለ ኩኒሂኮ። «ለሙት የቀረበ እኮ ነው! ነውር ነው!»

«ለወንድሜም የቀረበለት ነበር።»

ቺዙሩ ልታግዛት ብድግ ብላ የጆንያውን ጫፍ ያዘች። እማማ ኪኑኤ መጀመሪያ እጇን፣ ቀጥላ ፊቷን አየቻት። ቺዙሩ ስላነበብሽልኝ ተባረኪ የምትላት መስሏት ነበር።

«ልቀቂው» አለቻት። «የእናንተ ቤት እጅ ከእንግዲህ ሩዜን አይንካው።»

ቺዙሩ ለቀቀችው። አሮጊቷ ጆንያዋን እየጎተተች በእንግዶቹ መካከል ወጣች።